ስለ አንድ ትንሽ የቤንዚን መኪና ጽዳት
(በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የክበባችን ሊቀ መንበር ስለ መኪና ጽዳት እናገር ዘንድ በጠየቀኝ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ትልቅ መኪና ሳይመስላችሁ አልቀረም። መኪናው ግን ይኸው በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ነው። ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ10 ኪሎ ይበልጣል። በላዩ የሚቀመጥ ነጂ የለውም፤ በእጅ ከምይዘው ማዘዣ በሬዲዮ ሞገድ ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ከመጫወቻ ቁጥር እንዳታገቡት እለምናችኋለሁ። በውስጡ ያለው 23 ሲሲ ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ዘመዶች በዛፍ መቁረጫ መጋዝና በሣር ማጨጃ ላይ ይገኛሉ፤ እርሱም እንደ እነርሱ በገመድ ተስቦ ይነሣል። ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት እቀላቅልለታለሁ። ከዚህ ዘይት ጥቂቱ ሳይቃጠል በማርሚታው ወጥቶ በመኪናው አካል ላይ ይቀባል፤ አቧራም ይዞ ያስቀራል። የቆሻሻው ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

አጎቴ በአሜሪካን አገር ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. ለገና በዓል ሲመጣ መኪናውን ገና ቤንዚን ሳይነካው ከነካርቶኑ ይዞልኝ መጣ፤ ሲመለስም «እስክመጣ ድረስ ንዳው፤ ነገር ግን በደንብ ያዘው» ብሎ በአደራ ተወልኝ። የጥር አፈር እንዴት እንደሚቦን ታውቃላችሁ። በየቅዳሜው በሰፈራችን ሜዳ ስነዳው ሰንብቼ ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ በዘይትና በቀይ አቧራ ተለወሰ። እኔም ተሸክሜ ላቫጆ ወሰድኩትና እንደ ታክሲ በግፊት ውሃ አሳጠብኩት። እንደ መስተዋት አበራ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሞተሩን አስነሥቼ ነዳጅ ስሰጠው ተፈትልኮ ሄደ። ማዘዣውን ለቀቅሁ፤ አልቆመም። ፍሬን ያዝሁ፤ አልቆመም። እንዲህ ያለ መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል፤ በሜዳው ዳር ደግሞ ሕፃናት ተቀምጠው ነበር። አንድ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ዘንድ ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው የባሕር ዛፍ ሥር መታውና ተገለበጠ። ከተገለበጠም በኋላ ጎማዎቹ በአየር ላይ እየተሽከረከሩ ሞተሩ ይጮኽ ነበር። ሮጬ ደርሼ ማጥፊያውን ስጫን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያው ማታ ከአባቴ ጋር ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ልጁ ቤት ሄድን። እናቱ ቡና አቀረቡልን፤ አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ግን «ለመሆኑ ይኸ መኪናህ ፍሬን የለውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፍሬን እንዳለው አውቃለሁ፤ ለምን እንዳልቆመ ግን አላውቅም ነበርና መሬት መሬት አየሁ።

ለአጎቴ በስልክ ስነግረው አስቀድሞ «ልጁ ደኅና ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ «አጠብከው እንጂ አላጸዳኸውም። ፍታውና ያገኘኸውን ንገረኝ» አለኝ።

ፈታሁት። በዚህ መኪና ላይ ሰርቮ የሚባል አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወደ አንድ ወገን ሲዞር የካርቡራተሩን በር ይከፍታል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ፍሬኑን ይስባል። በሩን መልሶ የሚዘጋው ግን ሰርቮው ሳይሆን አንዲት ቀጭን ሞላ ናት። የላቫጆው ውሃ ከላይ የነበረውን አቧራ ገፍቶ የካርቡራተሩ ዘንግ ከሚዞርበት ቦታ አስገብቶት ኖሯል። ጭቃውም ሌሊቱን እንደ ጡብ ደርቋል። ሰርቮው ጉልበት ስላለው በሩን ከፈተው፤ ሞላዋ ግን ልትመልሰው አልቻለችም። ፍሬኑም ቢሆን ይዞ ነበር። ነገር ግን ዘይት የጠጣ ፍሬን፣ በሙሉ ኃይሉ ከሚሠራ ሞተር ጋር ታግሎ ተሸነፈ። ሬዲዮው ሲቋረጥ ሰርቮውን በራሱ ወደ ፍሬን የሚመልስ መከላከያ አለው፤ እርሱም አልረዳኝም፤ ሬዲዮው አልተቋረጠምና። ትእዛዜ ደርሶ ነበር፤ የተጣበቀው ብረቱ ነው።

እንግዲህ አሁን እንዴት እንደማጸዳው ልንገራችሁ። ሞተሩ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፤ ቤንዚኑንም ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት ቦታ እቀዳለሁ። ከሁሉ በፊት በደረቁ ነው የምሠራው። አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራግፋለሁ፤ ጠባብ ቦታ ሲሆን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፍቃለሁ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን የማቀዝቀዣ ክንፎች አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ፤ ይህ ሞተር የሚበርደው በአየር ብቻ ስለ ሆነ ክንፎቹ በጭቃ ከተደፈኑ ይጋላል። የቀረውን አቧራ የሰፈራችን ጎሚስታ በኮምፕሬሰሩ ይነፋልኛል፤ ኩሽኔታዎቹን ግን በቀጥታ እንዳይነፋ እከላከላለሁ፤ አሸዋውን ወደ ውስጥ ያስገባዋልና።

ብዙ ጊዜ የምወስደው በአየር ማጣሪያው፣ መካኒኮች ፊልትሮ በሚሉት ላይ ነው። ነገሩን በሒሳብ እንየው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በዞረ ቁጥር አየር ይስባል። ባለ 23 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞርና በየዙሩ ሙሉውን ቢስብ 230 ሊትር አየር ይሆናል፤ ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር ከ11 ጀሪካን በላይ ነው። በዚያ ላይ አየሩ ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ታችኛውን የሞተር ክፍል አቋርጦ ነው። ስለዚህ ያመለጠ አቧራ ፒስተኑን ብቻ ሳይሆን የታችኞቹን ኩሽኔታዎችም ይበላል።

ማጣሪያውን ከማውጣቴ በፊት ዙሪያውን እጠርጋለሁ፤ እንዳወጣሁትም የካርቡራተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ እደፍናለሁ። ስፖንጁን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቤ እጨምቀዋለሁ እንጂ እንደ ልብስ አልጠመዝዘውም፤ ይቀደዳል። በጥላ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ የማጣሪያ ዘይት ጨምሬ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ አሸዋለሁ፣ ትርፉንም ጨምቄ አወጣለሁ። ያለዚያ ዘይት ደቂቁን አቧራ አይዝም። ከዚያም ጣቴን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከማጣሪያው በስተጀርባ ያለውን ቱቦ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ከቀላ አቧራ እያለፈ ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን መኪናው አይነሣም።

ውሃን ፈጽሞ አልጠላሁትም። ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው አውልቄ በደንብ አጥባለሁ፤ ሻሲውን ግን በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፤ ባትሪውና ሬዲዮው ያሉበትን ሣጥን ውሃ አላስጠጋውም። የፍሬኑን ሸክላ ዘይት ከነካው እለውጠዋለሁ። ብሎኖቹንም አንድ በአንድ እሞክራለሁ፤ የሞተሩ ንዝረት ያላላቸዋልና። በመጨረሻ ሞተሩን ሳላስነሣ በጣቴ የካርቡራተሩን በር ከፍቼ እለቀዋለሁ። ቷ ብሎ መዘጋት አለበት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሥራዬን እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ የካንዴላውን ኤሌክትሪክ በሬዲዮ ቆርጦ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ልኮልኛል። ይህ ከሰርቮው የተለየ ስለ ሆነ ብረቱ ቢጣበቅም ይሠራል። ማብሪያውን ከገጠምኩ በኋላ ለልጁ እናት ወስጄ አሳየኋቸው። የፍሬኑንም ነገር አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «ሜዳው ላይ ሕፃናት ካሉስ?» አሉኝ። «አላስነሣውም» አልኳቸው። ስለዚህ አሁን የምነዳው ጠዋት በ12 ሰዓት ነው፤ ለእንቅልፍ ወዳጆች አሳዝናለሁ።

ማጣሪያውን ለማየት የሚፈልግ ከስብሰባው በኋላ ወደ ጠረጴዛው ይምጣ። የዘንድሮውንና የአምናውን ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ የአምናው ዳሩ ላይ የተቀደደው፣ እኔው ጠምዝዤ ነው። ታንኩ ባዶ ቢሆንም ሽታው አልለቀቀምና ክብሪት በአጠገቡ አትጫሩ።