ሁሉም ሥራውን ሠርቶ በቆሎው ለምን ረከሰ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች የደረሰውን ብዙ አርሶ አደር ያስታውሰዋል። ዝናቡ መልካም ነበር። በ1987 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አዳርሶ ነበር። ምርት አደገ፤ ሪፖርቱም አማረ። የበቆሎ ዋጋ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። የመሰብሰቢያና የማጓጓዣ ወጪውን እንኳ አይመልስም ብለው እህሉን ማሳ ላይ የተዉ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ይፈለጋል። አርሶ አደሩ ነጋዴውን፣ ነጋዴው መንገዱን፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «ገበያ አያውቅም» እያለ አርሶ አደሩን ይወቅሳል። አንድ በአንድ ሲታይ ግን የሰነፈ የለም። የልማት ሠራተኛው ፓኬጁን አዳረሰ፣ አርሶ አደሩ በመስመር ዘራ፣ አበዳሪውም ብድሩን በወቅቱ ሰበሰበ። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነው። ዕዳው የሚከፈለው አዝመራው እንደገባ በመሆኑ ሁሉም በአንድ ሰሞን ገበያ ወጣ። ሁሉም ሲወጣ ዋጋ ወደቀ። ዋጋ ሲወድቅ ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ተጨማሪ ኩንታል መሸጥ ግድ ሆነ፤ ይህም ዋጋውን መልሶ ወደ ታች ገፋው። በተከታዩ የዘር ወቅት ማዳበሪያ የሚወስደው ሰው ቀነሰ፤ የ1994 ዓ.ም. ክረምትም ዝናብ አጠረው። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። የዚያ ዋና ምክንያት ድርቁ ነው። ሆኖም በጥጋቡ ዓመት በርካሽ የወጣው እህል ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሪት አላስቀረም።

አሜሪካዊው ጄይ ፎረስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ፋብሪካዎችን ሲያጠና የሚቀራረብ ነገር አገኘ። የምርቱና የሠራተኛው መዋዠቅ የመጣው ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካው ከራሱ ውሳኔና መዘግየት ነበር። ይህን የመሰለ አመለካከት ሥርዓታዊ አስተሳሰብ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ዳገቱ ሲመነጠር ታች ያለው ማሳ በደለል እንደሚበላ ለሚያውቅ ገበሬ እንግዳ አይደለም።

በዩኒየን ውስጥም ይኸው አለ። መጋዘኑን እንውሰድ። የግብይት ክፍሉ እህሉን እስከ ሐምሌ አቆይቶ በደህና ዋጋ መሸጥ ይፈልጋል። የግብዓት ክፍሉ ደግሞ ማዳበሪያው ከክረምቱ በፊት ስለሚገባ ያው መጋዘን ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም በየዕቅዳቸው መቶ በመቶ ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። እህሉ ግን ዋጋ ሳይደርስ ይሸጣል። አባሉም በጉባኤ ላይ «ትርፉ የት ገባ?» ብሎ የትርፍ ክፍፍሉ እንዲጨምር ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ገንዘቡ ሁሉ ከተከፋፈለ በኅዳርና በታኅሣሥ እህል መግዣ ያጥራል፤ አባሉም ምርቱን ይዞ ወደ ነጋዴው ይሄዳል፤ በቀጣዩ ዓመት ትርፉ ይበልጥ ይሳሳል። ከዚያ ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል። አዲሱም ያንኑ መጋዘንና ያንኑ የቀን መቁጠሪያ ይረከባል።

ታዲያ መፍትሔው ብድሩን እስከ ሰኔ ማራዘም ብቻ ነው ማለት አይደለም። ወለዱን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል፤ የቆየ በቆሎም ነቀዝ አለበት። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዙን ሲያቃልል ለከረጢቱ ወጪ ይጠይቃል። አንዱ ሲነካ ሌላው መንቀሳቀሱ አይቀርም። ስለዚህ የብድር፣ የግብይትና የመጋዘን ኃላፊዎች ዕቅዳቸውን ለየብቻ ለቦርድ ከማቅረባቸው በፊት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን በአንድ ወረቀት ላይ ወር በወር ጎን ለጎን ቢጽፉት፣ ዕቅዶቹ የሚጋጩበት ወር ገና በጥቅምት ይታያል። የወረዳ ኃላፊዎችም የብድር አመላለሱን በመቶኛ ሲጠይቁ አባሉ ዕዳውን ለመክፈል ስንት ኩንታል እንደሸጠ አብረው ቢጠይቁ፣ የሚደርሳቸው ሪፖርት ሌላ መልክ ይኖረዋል።