ለጀማሪ የሚስማማ እባብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እባብ በቤቱ ሊያኖር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «የትኛውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ልጠብቀው እችላለሁ?» ብሎ መሆን ይገባዋል። እኛ ለጀማሪ የምንመርጠው የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካውን የበቆሎ እባብ ነው። መርዝ የለውም፤ ጠባዩ ገር ነው፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ተኩል አያልፍም። ምግቡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በረዶው የለቀቀው የሞተ አይጥ ነው። ሣጥኑ በአንድ ወገን እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ፣ በሌላው ቀዝቀዝ ያለ፣ ክዳኑም የሚቆለፍ ይሁን፤ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ማምለጥ ያውቃልና። ከዱር የተያዘው ሕመም ሊኖርበትና ምግብ እምቢ ሊል ስለሚችል፣ በሰው እጅ የተፈለፈለውን እንምረጥ፤ ሲበላ ሳናይም ገንዘብ አንክፈል።

ይህ ፍጡር 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ትምህርታችንን ጨርሰን ወደየሥራችን ስንበተን ማን እንደሚረከበው ዛሬ ካልወሰንን፣ ባንገዛው ይሻላል።