በባሕር ዳርቻ የተገኘ ዕቃና የባለቤቱ ሐቅ



ይህ ጽሑፍ ለጀመዓችን ወጣቶች በቃል የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ኮሚቴው በዚህ መጽሔት እንዲወጣ በጠየቀው መሠረት ጥቂት ተስተካክሎ ቀርቧል። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ ለአባቶች፣ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እዚህ እንግሊዝ አገር ከሚኖሩ ልጆቻችን መካከል ሜታል ዲቴክተር የተባለውን መሣሪያ ይዘው በባሕር ዳርቻ የሚዞሩ አሉ። «ያገኘሁት ቀለበት ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» ብለውም ይጠይቁኛል። ጥያቄው የሰው ሐቅ ያለበት ስለሆነ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

መሣሪያው በራሱ ነውር የለበትም። በእጀታው ጫፍ ያለው ክብ ነገር ከአሸዋው በታች የብረታ ብረት ዘር ሲያገኝ ድምፅ ይሰጣል። የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የጠርሙስ ክዳን፣ ሚስማርና የቆርቆሮ ቅዳጅ ነው። ነገር ግን የወርቅ ቀለበትም ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጣትን ያቀጥናል፣ የፀሐይ ቅባትም ያንሸራትታል፣ ወርቅ ደግሞ ከባድ በመሆኑ ቶሎ ይሰጥማል። የማን እንደ ሆነ ግን መሣሪያው አይናገርም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰውየው ነው።

ብዙዎች «ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ያገኘ ወሰደ» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰሪ አውራጃ በፋርንሃም ከተማ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ አንድ ሰው በዚሁ መሣሪያ የመካከለኛው ዘመን የወርቅ ጌጥ ከመሬት ቆፍሮ አወጣ። ክርክሩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1995 ዕቃው በመሬት ውስጥ የነበረ በመሆኑ ካገኘው ሰው ይልቅ የመሬቱ ባለቤት የሆነው ካውንስል ይገባዋል ብሎ ፈረደ። የባሕር ዳርቻም እንዲሁ ባለቤት አለው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፍነውና ሲሸሽ የሚገለጠው አሸዋ ግማሽ ያህሉ ክራውን ኢስቴት በሚባለው የዘውዱ ንብረት አስተዳደር ሥር ነው። ሌላው የካውንስሎች፣ የናሽናል ትረስት፣ የመከላከያ ሚኒስቴር ወይም የግለሰቦች ነው። የየባለቤቱ ደንብ ይለያያል። ናሽናል ትረስት በጠቅላላው አይፈቅድም። በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር ለመፈለግ ከወደቡ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በጥንታዊ ቅርስነት በተመዘገበ ስፍራ ያለ ፈቃድ መሣሪያውን መጠቀም በ1979 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው። እንግዲህ ከመሄድ በፊት ለካውንስሉ ስልክ መደወል ምን ይከብዳል?

ከመርከብ የወጣ ዕቃ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። በጥር 2007 ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ የተባለች የጭነት መርከብ በማዕበል ተጎድታ በዴቨን አውራጃ በብራንስኮም አጠገብ መሬት ላይ እንድታርፍ ተደረገ። ኮንቴነሮቿ ወደ ዳርቻው ሲወጡ ሕዝቡ ከየቦታው ጎረፈ፤ አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች ሳይቀሩ እየተገፉ ተወሰዱ። ከጭነቱ መካከል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚላክ የአንድ ቤተሰብ የቤት ዕቃ ነበረበት፤ እሱም ተበረበረ። ይህን ያደረጉት አብዛኞቹ ሌባ ተብለው የማያውቁ ተራ ሰዎች ነበሩ። የ1995ቱ የመርከብ ንግድ ሕግ ግን ከመርከብ የወጣ ዕቃ ያገኘ ሰው ሪሲቨር ኦፍ ሬክ ለተባለው ሹም እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ለዚህም 28 ቀን ተሰጥቶታል። ባለንብረቱም ቀርቦ ለመጠየቅ አንድ ዓመት አለው።

አንድ ዓመት! ይህን ጊዜ ፊቅህ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ አል-ጁሀኒ ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ወድቆ ስለተገኘ ዕቃ፣ ማለትም ስለ ሉቀጣ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቃቸው። እሳቸውም ከረጢቱንና የታሰረበትን ገመድ ለይቶ እንዲያውቅ፣ ከዚያም አንድ ዓመት እንዲያስታውቅ አዘዙት። ከረጢትና ገመድ ለምን? ባለቤት ነኝ ባዩ እውነተኛ መሆኑ በምልክቱ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ቀለበት ያገኘህ ወጣት ሆይ! ስታስታውቅ «የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል» በል እንጂ በውስጡ የተቀረጸውን ስምና ቀን አትግለጥ። ፎቶግራፉንም በየስልኩ አትበትን። ምልክቱን የሚናገረው ባለቤቱ ይሁን።

የት ይታወቅ? ዑለማዎች ሰው በሚሰበሰብበት፣ በገበያና በመስጊድ በር ይላሉ። በመስጊድ ውስጥ ስለ ጠፋ ዕቃ መጮህ በሐዲስ ተጠልቷልና። ሆኖም በሳውዝኤንድ ዳርቻ የጠፋ ቀለበት ለንደን በመስጊዳችን በር ቢለጠፍ ባለቤቷ እንዴት ታየዋለች? ማስታወቂያው ዕቃው በወደቀበት መሆን አለበት። ለዳርቻው ላይፍጋርዶች፣ ለካውንስሉ ቢሮ፣ በአካባቢው ላሉ ሻይ ቤቶች መንገር ያስፈልጋል። ፖሊስንም መጠየቅ ይገባል፤ ዛሬ ግን የወደቀ ዕቃ የማይቀበሉ ጣቢያዎች አሉ። የአገሩም ሕግ ቢሆን፣ በ1968ቱ የስርቆት ሕግ መሠረት፣ ባለቤቱን በተገቢ ጥረት ማግኘት እንደሚቻል እያወቀ ዕቃውን ያስቀረ ሰው በስርቆት ሊከሰስ ይችላል። ለጥቂት ሳንቲም ግን ዓመት ሙሉ መድከም የለም፤ ባለቤቱ የማይፈልገውን ተራ ነገር ዑለማዎች ለይተውታል።

ጥንታዊ የሆነ ዕቃ ቢገኝስ? በ1996ቱ የትሬዠር ሕግ ከ300 ዓመት በላይ የቆየና ከክብደቱ ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ ወርቅ ወይም ብር የሆነ ጌጥ በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር ይገለጻል። ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ተገምቶ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት እኩል ይከፈላል። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት። አንዳንድ ወንድሞች «በኪታብ ሪካዝ፣ የጥንት ሰዎች የቀበሩት ሀብት፣ አንድ አምስተኛው ይወጣል፤ ሌላው የአግኚው ነው፤ ኮሮነር ምን አገባው?» ይላሉ። በውል ገብተን በምንኖርበት አገር ግን ሕጉን ማክበር የሰጠነው ቃል ነው። ቃልን የሚያፈርስ ሰው የሪካዝን ምዕራፍ ማንበቡ አይጠቅመውም።

ሌላም ሐቅ አለ፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ይደፈን። በምሽት የሚሮጥ ሰው ወይም ሕፃን እግሩን ይሰብርበታል። የወጣውን ሚስማርና የተሰበረ ቆርቆሮ መልሶ ከመቅበር ወደ ቆሻሻ መጣያ መውሰድ ይሻላል፤ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሣት ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ቦምብ ዛሬም በዳርቻዎች ይወጣል። አጠራጣሪ ነገር ያየ ሳይነካው ርቆ ወደ 999 ይደውልና ኮስትጋርድን ይጥራ።

ዓመቱ አልቆ የቀለበቱ ባለቤት ካልተገኘ፣ የመሬቱ ባለቤትም ካልጠየቀው፣ በሻፊዒ መዝሀብ አግኚው ሊጠቀምበት ይችላል፤ በሐነፊ መዝሀብ ሀብታም ከሆነ በባለቤቱ ስም ሰደቃ ይሰጠዋል። በሁለቱም ዘንድ ግን ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ቀርቦ ሐቁን ቢጠይቅ ዋጋው ይከፈለዋል። ስለዚህ ቀለበቱ ከመሸጡ ወይም ከመሰጠቱ በፊት ክብደቱ፣ ምልክቱ፣ የተገኘበት ቀንና ቦታ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁለት ሰዎችም ይፈርሙበት። ወረቀቱ በአግኚው ቤት ይቀመጥ፤ ልጆቹም የት እንዳለ ይወቁ።