ዳንቴን በቪዲዮ ጌም ማስተማር



ዛሬ ስለ ቁጠባ አንናገርም። ልጆቻችን ኮሌጅ ገብተው «ይህ የድሮ ግጥም ምን ያደርግልናል?» ሲሉ እንሰማለን። የጣሊያኑን ዳንቴ አሊጊዬሪን በአሜሪካ ኮሌጆች የሚያስተምሩ መምህራንም ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል።

ዳንቴ እ.ኤ.አ. በ1265 በፍሎረንስ ተወለደ፤ በ1302 ከከተማው ተሰደደ፤ በ1321 በራቬና አረፈ። «መለኮታዊ ኮሜዲ» የተባለው ሥራው በ100 ክፍሎች ሲኦልን፣ ነፍሳት የሚነጹበትን ተራራና ገነትን ያስጎበኛል። የጻፈውም ምሁራኑ በሚጽፉበት በላቲን ሳይሆን እናቶች ለልጆቻቸው በሚያወሩበት ቋንቋ ነው። ወደ እኛ ስናመጣው ግዕዙን ትቶ በአማርኛ እንደ መጻፍ ነው።

አንዳንድ መምህራን ታዲያ ተማሪው ከሚያውቀው ይጀምራሉ፤ ከፊልም፣ ከዘፈን፣ ከጌም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን «ዳንቴስ ኢንፈርኖ» የተባለ ጌም እንውሰድ። በጌሙ ዳንቴ ትልቅ ማጭድ የያዘ የመስቀል ጦርነት ወታደር ነው። የወዳጁን የቢያትሪቼን ነፍስ ዲያብሎስ ወስዶበት ሊያስጥላት ሲኦል ይወርዳል። በግጥሙ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጫካ ውስጥ መንገድ የጠፋበት እሱ ነው፤ ከሰማይ ወርዳ ቨርጂል እንዲደርስለት የምትለምነው እሷ ናት። በኋላ ሲገናኙም አታባብለውም፤ ጥፋቱን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ገነትን እየመራች የምታሳየውም እሷው ናት።

ለእኛ የጌሙ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ጌሙን ብቻ አይቶ ከሄደ ሴቲቱ ምርኮኛ ሆና ትቀራለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማን ማንን አዳነ? ማንስ ለወጠው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ግን ግጥሙን ራሳቸው እንዲያገላብጡ ያደርጋቸዋል። ሳይጠይቅ ጌም የሚያሳይ መምህር ሰዓት ከመግደል በቀር ምን ሠራ?

ይህ ግጥሙን ማርከስ ነው የሚሉ አሉ። በሲኦል አምስተኛው ክፍል ፍራንቼስካን ያነቧት አይመስለንም። እሷና የባሏ ወንድም ፓኦሎ የተሳሳቱት የላንስሎትን የፍቅር ታሪክ አብረው ሲያነቡ ነው። ያ መጽሐፍ የዘመኑ ተከታታይ ድራማ ነበር ቢባል አያስኬድም? ታሪኩንም የምትናገረው እሷ ናት፤ ፓኦሎ አጠገቧ ያለቅሳል እንጂ ቃል አይተነፍስም።

በሒሳብ ሥራ ለምንተዳደረው ደግሞ 17ኛው ክፍል አለልን። አራጣ አበዳሪዎች የእሳት ዝናብ እየወረደባቸው፣ የቤተሰባቸው ምልክት ያለበት የገንዘብ ከረጢት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ ተቀምጠዋል። ይህንን እንኳ ለማኅበራችን አባላት ለማስረዳት ጌም የሚያስፈልግ አይመስለንም።