ውፍረት ይቀንሳል ስለሚባለው ቅጠላ ቅጠል
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በጤና ኮሚቴው የተደረገ ንግግር)



 ተናገሩ ብላችሁ ስታዙን ስለ ምን እንናገር ብለን አልተጨነቅንም። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን ከገበያ የገዛችውን፣ ምንም ያልተጻፈበትን «ውፍረት ቀናሽ» ዱቄት ሁለት ወር በሙቅ ውሃ እየበጠበጠች ጠጥታ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሐኪም ቤት ስትተኛ በተራ ያስታመምናት እኛው ነን። እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፤ እንድንናገርም ፈቅዳልናለች። ዱቄቱ ምን እንደ ነበረ ግን እስካሁን የነገረን የለም፤ ሻጩም አልተገኘ።

ድሮ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ምርቃት ነበር። ዛሬ ደም ብዛቱና ስኳሩ ሲመጣ ሁሉም መክሳት ይፈልጋል፤ አንፈርድም።

ቅጠል ሁሉ መርዝ ነው ልንልም አይደለም። እኛም በኮሶ ያደግን ነን። ለስኳር በሽታ የሚታዘዘው ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን እንኳ መነሻው ጋሌጋ የምትባል ተክል ናት። ይሁንና ተክሏ ራሷ በግ ትገድላለች፤ በሽተኛው የሚውጠው በፋብሪካ የተሠራውን፣ ልኩ የታወቀውን ነው። ኮሶንም ያጠጣ የነበረው ልኩን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ጋርሲኒያ የሚሉት በደቡብ ሕንድ የዓሣ ወጥ ማኮምጠጫ ፍሬ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 135 ወፍራም ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ከፍሬው የወጣውን፣ ገሚሶቹ ባዶውን ኪኒን ለ12 ሳምንት ዋጡ። ሁሉም ምግብ ቀንሰው ነበር። ፍሬውን የወሰዱት በአማካይ 3.2 ኪሎ፣ ባዶውን የዋጡት ደግሞ 4.1 ኪሎ ቀነሱ! ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፤ ያከሳቸው እንግዲህ የምግቡ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የብሩክሴል ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ከተማ ብዙ ሴቶች ለመክሳት ብለው የቻይና ቅጠላ ቅጠል የተቀላቀለበት ኪኒን ወሰዱ። ያዘዙላቸው ሐኪሞች ናቸው እንጂ የጉሊት ሻጭ አይደለም። ሊገባበት የታሰበው ሃን ፋንግ ጂ የተባለው ሥር ነበር፤ በምትኩ የገባው ጓንግ ፋንግ ጂ፣ ማለት አሪስቶሎኪያ የተባለው ነው። ስማቸው እንደ ወንድማማች ስለሚመሳሰል ነው የተምታታው። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ በመኪና ደማቸውን ማሳጠብ ወይም የሰው ኩላሊት ማስተከል ግድ ሆነባቸው። በ2000 በወጣው ምርመራ ደግሞ የሞተ ኩላሊታቸው ከወጣላቸው 39 ሰዎች በ18ቱ የሽንት መተላለፊያ ላይ ካንሰር ተገኘ። መድኃኒቱን ካቆሙ ዓመታት አልፈው ነበር።

ሽፈራውስ? ብላችሁ ጠይቃችኋል። የኮንሶ ሰው እንደ ጎመን ቀቅሎ ይበላዋል፤ እኛም በወጥነቱ ጠብ የለንም። ያከሳል ብሎ ለሚሸጥላችሁ ግን ምስክር አንሆንም።

ከእንግዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ የዕድሩ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት፣ ነርስ የሆነችው አባላችን ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ትቀመጣለች። በቤታችሁ ዱቄት ያላችሁ ከነመጠቅለያው አምጡ። የግፊት ኪኒናችሁን በዱቄት የተካችሁ ካላችሁ ደግሞ እሑድን አትጠብቁ፤ ነገ ጧት ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ።