ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ሦስቱ በአንድነት ስለሚሰጡበት ምክንያት



ዛሬ የሚነገረው ነገር በየመንደሩ በሹክሹክታ ብዙ ጊዜ የተወራ፥ በግልጥ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ የተነገረ ነው። ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ የገባበት ሰው በየቀኑ መድኃኒት ይውጣል። መድኃኒቱም ሲያዩት አንዲት ክኒን ነው፤ በውስጧ ግን ሦስት መድኃኒቶች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ስለ ምን ሦስት ሆኑ? አንዱ ብቻ ስለ ምን አልበቃም? ሰውዬው ደኅና ከሆነ በኋላስ ስለ ምን አይተወውም? ለነዚህ ጥያቄዎች የሚገባ መልስ ያላገኘ ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ ሊሞት ይችላልና፥ ምክንያቱን ደኅና አድርጎ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በሰው ደም ውስጥ ሰውነትን ከደዌ የሚጠብቁ ብዙ ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህም ሲዲ ፎር የሚባሉት እንደ ጭፍራ አለቃ ናቸው፤ ጠላት በገባ ጊዜ ሌሎቹን የሚያስነሡና የሚያሰልፉ እነርሱ ናቸውና። የኤች አይ ቪ ክፋቱ የሚገባው በነዚሁ አለቆች ውስጥ መሆኑ ነው። አለቆቹ ጥቂት በጥቂት እያለቁ በሄዱ ጊዜ፥ ጤነኛውን ሰው ከቶ የማይደፍር ተራ ሕመም እንኳ በሰውዬው ላይ ይሠለጥንበታል። የሳንባ ነቀርሳም ያን ጊዜ ዋናው ገዳይ ይሆናል። ኤድስ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ድካም እንጂ ቫይረሱ ራሱ አይደለም። መድኃኒት ካልተወሰደ ቫይረሱ ከገባበት ቀን እስከዚህ ድካም ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ያህል ያልፋል፤ ሰውዬውም በነዚህ ዓመታት ጤነኛ መስሎ ሊኖር ይችላል።

ደዌው በመጀመሪያ በጽሑፍ የታወቀው በ1981 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ አምስት ወጣቶች ባልተለመደ የሳንባ ሕመም በተያዙ ጊዜ ነው። በ1983 በፓሪስ በፓስተር ተቋም የሚሠሩት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኝዬ ቫይረሱን ለይተው አገኙት፤ ስለዚህም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች የታወቁት በ1986 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ ቢባል፥ የቫይረሱን ጠባይ በቍም ጸሐፊ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ቫይረሱ ከ9,000 በሚበልጡ ፊደላት እንደ ተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ብቻውን ሊባዛ አይችልም፤ በሕዋሱ ውስጥ ገብቶ መጽሐፉን በሕዋሱ ቋንቋ ገልብጦ ማስጻፍ አለበት። ይህንንም የሚጽፍለት ጸሐፊ አብሮት የሚመጣ ሲሆን፥ እጅግ ፈጣንና እጅግ ግድ የለሽ ነው። ደኅና ጸሐፊ ብራናውን ከጨረሰ በኋላ ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ፍቆ ያርማል፤ ይህ ግን ጽፎ ያልፋል እንጂ መልሶ አያነብም። በአንድ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ በአንድ ቀን 10,000,000,000 ያህል አዲስ ቫይረሶች እንደሚወለዱ ሊቃውንት ከ1995 ጀምሮ መርምረው ገምተዋል። ስለዚህ ስሕተት የሌለበት ቀን የለም። ብዙው ስሕተት ቫይረሱን ራሱን የሚጎዳ ነው፤ አንዳንዱ ግን ከመድኃኒት የሚያመልጥበት መንገድ ይሆንለታል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ዚዶቩዲን ወይም ኤ ዜድ ቲ ይባላል። ጀሮም ሆርዊትስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1964 የሠራው ለነቀርሳ ይሆናል ብሎ ነበር፤ ለዚያ ግን ስላልረባ ከ20 ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። ከዚያም በ1987 ለኤድስ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ለዚያ ለችኩሉ ጸሐፊ እውነተኛውን የሚመስል ሐሰተኛ ፊደል ያቀብለዋል። ፊደሉም ከእርሱ ቀጥሎ ሌላ ፊደል ሊጻፍ የማይችል ነውና፥ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ካሳረፈው መጽሐፉ ከመካከል ተቋርጦ ይቀራል።

ብልሃቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነበር፤ ሕመምተኞችም ለጥቂት ወራት በረቱ። ነገር ግን በ1989 መድኃኒቱ የማይበግራቸው ቫይረሶች መነሣታቸው ታወቀ። በእንግሊዝ፥ በአየርላንድና በፈረንሳይ የተደረገውም ትልቅ ምርመራ ውጤቱ በ1994 ሲወጣ፥ ገና ሕመም ሳይሰማቸው ይህን አንድ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ ዕድሜያቸው እንዳልረዘመ አሳየ። የዚያ ዘመን ሐዘን ከባድ ነበር፤ ተስፋው ከመጣ በኋላ ተመልሶ ሄዷልና።

ሆኖም ሐኪሞች ይህን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊት በሳንባ ነቀርሳ አይተውት ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1948 በታተመው ምርመራ፥ ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን የተሰጣቸው ሕመምተኞች በመጀመሪያ ተሻላቸው፤ ጥቂት ወራት ቈይቶ ግን የብዙዎቹ ተሐዋስያን መድኃኒቱን ለመዱት። ሁለተኛ መድኃኒት በታከለበት ጊዜ መላመዱ እጅግ አነሰ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን አቀላቅሎ የሚውጠው ስለዚህ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሥርዓት ከዚሁ ትምህርት የተወለደ ነው።

ሦስት የሆነበትን ምክንያት መምህራን በጥቍር ሰሌዳ ላይ በቍጥር ሊያሳዩት ይችላሉ። ለግምት ያህል ጸሐፊው በአንዲት በተወሰነች ፊደል ላይ የሚስተው ከ30,000 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው እንበል፤ ከአንዱ መድኃኒት ለማምለጥም አንዲት ስሕተት ትበቃለች ይሁን። በቀን 10,000,000,000 መጻሕፍት ከተጻፉ፥ ያችን ስሕተት የያዙት 333,000 ያህል ይሆናሉ፤ እንግዲህ አንድ መድኃኒት ብቻ ቢሰጥ አምላጮቹ ገና ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተዘጋጅተው ይጠብቁታል ማለት ነው። ሁለት መድኃኒት ቢሰጥ ሁለት ስሕተት በአንድ መጽሐፍ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ 30,000 በ30,000 ሲባዛ 900,000,000 ነውና፥ በቀን 11 ያህል አምላጮች ይገኛሉ። ሦስት መድኃኒት ቢሰጥ ግን ቍጥሩ 27,000,000,000,000 ይደርሳል፤ አንድ አምላጭ እስኪገኝ 2,700 ቀን፥ ይኸውም ከ7 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ይህም የመድኃኒቱን ሥራ ገና ሳይቈጥሩ ነው። ሦስቱ በአንድነት ጽሕፈቱን ሲያቆሙት በቀን የሚጻፈው መጽሐፍ ራሱ ከቍጥር ወደማይገባ ስለሚያንስ፥ ሰባቱ ዓመት ከሰው ዕድሜ የሚያልፍ ይሆናል። በእውነተኛው ሰውነት ውስጥ ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው፤ ብዙዎች በማስፈራራት ሊያስረዱት የደከሙበትን ነገር ግን ይህ የማባዛት ሒሳብ በቀላሉ ያስረዳል።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላ ነገር ይወጣል። ሦስቱ መድኃኒቶች ከሰውነት የሚወጡት እኩል አይደለም፤ አንዱ ፈጥኖ ይጠፋል፥ አንዱ ይዘገያል። ሰው መድኃኒቱን ዛሬ ወስዶ ነገ ከነገ ወዲያ ቢተው፥ ዘግይቶ የሚቀረው አንዱ ብቻውን ከቫይረሱ ጋር ይፋጠጣል። ያን ጊዜ ሰውዬው ሳያውቀው ወደ 1987 ተመለሰ ማለት ነው።

በ1995 መጨረሻና በ1996 መጀመሪያ ከቀድሞዎቹ የተለዩ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። እነዚህ ጸሐፊውን ሳይሆን፥ የተጻፈውን በየልኩ ቈርጦ የሚያዘጋጀውን ሌላውን ሠራተኛ የሚያስሩ ናቸው። በ1996 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ በተደረገው ጉባኤ፥ ሦስት መድኃኒት በአንድነት በወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ ቫይረሱ ሊቈጠር እስከማይቻል ድረስ እንዳነሰ ተነገረ። በአሜሪካ በኤች አይ ቪ የሚሞተው ሰው መጠን ከ1996 እስከ 1997 ባለው በአንድ ዓመት ብቻ በ47 በመቶ ቀነሰ። ለሞት ተዘጋጅተው የነበሩ ሰዎች ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ግን መድኃኒቱ እንደ ዛሬው አንዲት ክኒን አልነበረም፤ በቀን ብዙ ክኒን፥ አንዳንዱም በየ8 ሰዓቱ በባዶ ሆድ የሚወሰድ፥ ማቅለሽለሽና ሌላም ሥቃይ ያለበት ነበር።

ለአፍሪካ ሰው ግን ይህ ሁሉ በሩቅ የሚሰማ ወሬ ሆኖ ቈየ። የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበርና። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ፥ በባለቤቱ በዩሱፍ ሐሚድ ቃል፥ ሦስቱን መድኃኒት በዓመት በ350 ዶላር ለሐኪሞች ማኅበር እሰጣለሁ ባለ ጊዜ የነገሩ መልክ ተለወጠ። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋው እንዲህ ሊለያይ መቻሉን ዓለም ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ስላለቁት ሰዎችም ማንም የሚያጽናና መልስ አላገኘም። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በ2003 በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በ2005 ያለ ዋጋ ይሰጥ ጀመር። ዶሉቴግራቪር፥ ላሚቩዲንና ቴኖፎቪር የተባሉት ሦስቱ በአንዲት ክኒን ሆነው በዓመት 75 ዶላር ያህል እንዲሸጡ በ2017 ስምምነት ተደረገ።

ሕዝቡ መድኃኒቱን «የዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ ሰይሞታል። ስሙ በክፉ ቀን የወጣ ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን የሞተን ሰው ጥቂት እንደሚያቆይ ነገር ያስመስለዋል። በጊዜው የጀመረና ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው እንደ ሌላው ሰው ሠርቶ፥ አግብቶ፥ ወልዶ፥ ሸምግሎ ይኖራል። ከስሙ እውነት የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን ፈጽሞ አያጠፋም። በ1997 እንደ ታወቀው፥ አንዳንዶቹ ሕዋሳት የቫይረሱን መጽሐፍ በውስጣቸው ደብቀው ዓመታት ያንቀላፋሉ፤ መድኃኒቱ የሚያቆመው ጽሕፈትን ስለ ሆነ፥ የማይጽፈውን አንቀላፊ አያገኘውም። መድኃኒቱ በተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንቀላፊው ይነቃል።

ሕዋሱ ሲበረክት ማቋረጥ፥ ሲያንስ መጀመር አይሻልም ወይ የሚለው አሳብ በብዙ አገር ከ5,000 በሚበልጡ ሰዎች ተፈትኗል። ያቋረጡት ካላቋረጡት ከሁለት እጥፍ በላይ ስለ ታመሙና ስለ ሞቱ ፈተናው በ2006 ከጊዜው በፊት ቆመ። ይህ በኢትዮጵያ ትልቅ ነገር ነው። በጠበል እድናለሁ ብለው መድኃኒታቸውን የተዉ ብዙዎች ነበሩና። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ እንደማይጣሉ፥ ምእመናንም ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ስለ ጾምም የሚጨነቅ ሰው አለ፤ የዛሬው ክኒን በቀን አንድ ጊዜ፥ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ በማታ ማድረግ ይቻላል።

ስለ መተላለፍ ደግሞ፥ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶች በአውሮፓ ተመርምረው በ2016 ውጤቱ ታውቋል። ቫይረሱ ያለባቸው መድኃኒታቸውን በደንብ ወስደው ቫይረሱ በደማቸው እስከማይቈጠር ድረስ ያነሰ ስለ ነበር፥ ያለ መከላከያ አብረው ሲኖሩ ከትዳር ጓደኛው የተላለፈበት አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። መድኃኒቷን የምትወስድ እናትም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች።

በትምህርት ቤት ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ የሚከብድበት ቦታ አለ። ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ልጅ ስለ ምን ክኒን እንደሚውጥ ገና ያልተነገረው ሊሆን ይችላል፤ የሚነግረውም አሳዳጊውና ሐኪሙ በሚስማሙበት ጊዜ እንጂ የክፍል ጓደኛው ወይም መምህሩ በስሕተት መሆን አይገባውም። በየጥቂት ወሩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድን ልጅ በጓደኞቹ ፊት «የት ነበርህ?» ብሎ መጠየቅ ጥቂት ነገር ይመስላል፤ ልጁ ግን ይህን ጥያቄ ፈርቶ ቀጠሮውን ሊተው ይችላል። አዳሪ የሆነ ወይም ከዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ እንደ ሆነ ደግሞ ክኒኑን የሚያስቀምጥበትና ሳይታይ የሚውጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ለብዙ ዘመን የሕፃናቱ መድኃኒት መራራ ሽሮፕ ነበር፤ አንዳንዱም ቀዝቃዛ ቦታ ካላስቀመጡት የሚበላሽ ስለ ሆነ ለገጠር ቤት አይመችም ነበር። በ2020 በውኃ የሚሟሟ፥ የእንጆሪ ጣዕም ያለው የሕፃናት ዶሉቴግራቪር ተፈቅዶ፥ ለአንድ ልጅ በዓመት በ36 ዶላር እንዲቀርብ ተደረገ። እናትየዋ በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ታሟሟዋለች፤ ሕፃኑም ሳያለቅስ ይጠጣዋል።