ልጆቻችን በአማርኛ ይተይቡ
(በዓመታዊ ስብሰባችን፣ ቴሜስካል፣ ኦክላንድ የቀረበ ንግግር)



ስለ መዋጮ የሚናገሩ ሌሎች አሉ፤ እኔ ስለ ልጆቻችን ጣት ልናገር። በእንግሊዝኛ ሲተይቡ ጣታቸው አይታይም። ደሴ ላሉት አያታቸው በአማርኛ አንድ መስመር ጻፉ ሲባሉ ግን ስልኩን ለእናታቸው ያቀብላሉ። ወይም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ይልካሉ፤ አያት የሚያነብላቸው ጎረቤት ይፈልጋሉ።

ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ማስኬድ ነበረባቸው። እኛ ዘንድ ያ ጣጣ ቀርቷል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት የላኪው ፕሮግራም የሌለው ሰው ምን ዓይነት ዝብርቅርቅ ይደርሰው እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

አሁን በነፃ የሚገኘው ኪይማን ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ልጁ በድምፅ ይጽፋል። ኤስን ሲነካ «ስ» ይመጣል፤ ኢን ሲጨምር «ሰ» ይሆናል። ኤል «ል» ነው፤ ኤ ሲከተለው «ላ»። በኤም ሲዘጋ «ሰላም» ተጻፈ። እኔን የማረከኝ ይኸው ነው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን በቃል የያዝነውን ልጁ በጣቱ ሲሠራው ያየዋል። ስልክ ላይ ከተደረደረው ፊደል መርጦ መንካት ይህን አያስተምርም። (ሁለት «ሰ» ለምን አስፈለገ ብለው ሲጠይቋችሁ መልሱን እናንተው ፈልጉ!)

ነርስ ነኝና ከሥራዬ አንድ ነገር ላምጣ። የበሽተኛ መዝገብ የምንሞላው በኮምፒውተር ነው። እዚህ አገር ነርሲንግ ስማር ከመድኃኒቶቹ ስም እኩል ያስቸገረኝ ቁልፍ ፍለጋው ነበር። ሳላይ መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ ግን እጄ ሲጽፍ ዓይኔ በሽተኛው ፊት ላይ ነው፤ ብዙ ሕመም ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቀው ከፊት ነው። ልጆቹም ከመጀመሪያው እንዲህ ይልመዱ። ኤፍና ጄ ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በአመልካች ጣታቸው ይፈልጉ፤ የቀሩት ጣቶች ቦታቸውን ከዚያ ያገኛሉ። እግሩ መሬት ለማይደርስ ልጅ ሳጥን አስቀምጡለት፤ አንጓው አይታጠፍ። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ፍጥነት አትቁጠሩባቸው።

ማኅበራችን ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሊልክ ማሰቡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሁለት ኮምፒውተር ይቀነስና ለአስተማሪ አበል ይያዝ። ዕቃው ብቻ ከሄደ ቁልፉ ዳይሬክተሩ ኪስ፣ ኮምፒውተሩ በሻሽ ተሸፍኖ መቀመጡ አይቀርም። አስተማሪ ካለ ግን እዚህ ያለ አንድ ልጅ እዚያ ካለ እኩያው ጋር በወር አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻጻፋል።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ይህን እንድታስቡበት እለምናለሁ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍቻለሁ፤ ልጆቻችሁን ላኩልኝ፣ ስማቸውን ይጻፉ።